ሃይሉክሱ በዝግታ ሲሄድ ይዘላል፦ ኖዝል ከመፍታት በፊት የሚታየው

መነሻው

ጉዳዩ 2ኬዲ የሚባለው የናፍጣ ሞተርና ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ስላላቸው ሃይሉክሶች ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ እግር ነዳጁን ገና ሲነካ መኪናው ወደ ፊት ይዘላል። እግር ሲነሳ ደግሞ ጠብ አድርጎ ይይዝና ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይነቀንቃል። ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ሲዞር ይረጋጋል። ወደ ደባርቅ በአስፋልቱ ሲነዳ ምንም አይታይበትም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ሲወጣ፣ ወይም በጥምቀት ሰሞን በፋሲል መዋኛ በኩል በሕዝብ መሃል ሲሳብ ግን አንድ ክንድ መዝለሉ ሰው ለመግጨት ይበቃል። ለዚህ ነው ከምቾት አልፎ የሚያሳስበኝ።

እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው እቃ፣ ይፈታ የሚለው ነው። የኔ ክርክር፣ ኖዝል መፍታት የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት የሚል ነው። ዝላዩ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሞተሩ ራሱ ዙሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ወይም ሞተሩ ደህና ሆኖ ከፍሪሲዮን (ክላች) እስከ ጎማ ካለው አንዱ ይላላል፤ ወይም ሁለቱም ደህና ሆነው የነጂው እግር ፔዳሉ ላይ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይነጥራል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። መለያውን የምታውቁ ጻፉ፣ ከተሳሳትኩም አርሙኝ ብዬ የኢንተርኔት ውይይት (ክር) ከፍቼ ነበር። የመጣውን መልስ በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1

ሐሳቡን ተቀብሎ ቀላሉን ፈተና አስቀድሟል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ማርሹ ኒውትራል ይሁን። ዙሩ ቀስ ተብሎ 1,200 ይድረስና እግር ሳይነቃነቅ ለግማሽ ደቂቃ ይያዝ፤ ቀጥሎ 1,500፣ ቀጥሎ 1,800። ዓይን ከዙር ቆጣሪው መርፌ ላይ አይነሳ። እግሩ ጸንቶ እያለ መርፌው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ 50 ዙር እንኳ ቢሆን፣ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው። መርፌው ተቸንክሮ ከቆመ ግን ኮፈኑ ተዘግቶ መኪናው ሥር ይገባ። ይኸው ፈተና ኤሲና የፊት መብራት በርቶ እንዲደገምም አክሏል። የ2ኬዲ ሚኒሞ፣ ማለትም እግር ነዳጁን ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት፣ ወደ 800 ዙር ነው፤ ጭነት ሲጨመርበት ጥቂት ተንገዳግዶ መልሶ መቆም አለበት።

መልስ 2

የ1ኛውን ፈተና ጎዶሎ ነው ብሎታል፣ በጨዋ ቃል። ኒውትራል ላይ ያለ ሞተር ጭነት ስለሌለበት ሕመሙን ይደብቃል። ስለዚህ በአዘዞ በኩል ያለውን ደልዳላ መንገድ ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ 1,200 ዙር ላይ፣ እግርን ፍጹም አጽንቶ 200 ሜትር መንዳት ነው። እግሩ ሳይንቀሳቀስ መኪናው ከነጠቀ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። እግሩ ሲጫንና ሲነሳ ብቻ ከዘለለ፣ በመሃሉ ግን ጸጥ ካለ፣ ላልቶ የሚጋጭ ነገር አለ። ሦስተኛው ምልክት ደግሞ መኪናው ሲነሳ ፍሪሲዮን እየተለቀቀ ሳለ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ካልቀጠለ ጉዳዩ የፍሪሲዮኑ ነው፤ ዘይት የነካው ዲስክ፣ የተቃጠለ ቮላኖ (ዲስኩ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ወይም ዲስኩ መሃል ላይ የተሰበሩ ስፕሪንጎች። እንዲያ ያለው ሌላ ክር ይከፈትለት ብሏል።

እኔም የምስማማው በዚህኛው ነው። እግርን ማጽናት የሚለው ትንሽ ይምሰል እንጂ ግማሹን ጥርጣሬ በአምስት ደቂቃ ይጥላል።

መልስ 3

በሁለት መስመር የጎንደር ከፍታ ነው ብሎ ዘጋው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ቱርቦው አየር ያጥረዋል፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ድካም ነው የሚል ነው።

መልስ 4

የጻፉት ሰው ከአነጋገራቸው ዕድሜ ልካቸውን በናፍጣ ሞተር ላይ የቆዩ መካኒክ ናቸው። ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። የ3ኛውን ሐሳብ አልጣሉትም፤ ቦታውን ነው የሰጡት።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። በጎንደር ከፍታ ወደ 78 ይወርዳል፣ በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ላይ፣ በ3,600 ሜትር፣ 65 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቱርቦው ሳይነሳ፣ እስከ 1,500 ዙር ድረስ፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያንሳል። ኮምፒዩተሩ ጭስ እንዳይበዛ ነዳጁን ይቆጥባል፣ ቱርቦው ሲነሳ ደግሞ ይለቃል። ነጂው ዘግየት ብሎ መግፋት ይሰማዋል። ይህ ግን እንደ ጎማ ተለጥጦ የሚመጣ ግፊት ነው፤ ጠብ ጠብ የሚል ዝላይ ከዚህ አይመጣም። መኪናው ወደ መተማ ቆላ ሲወርድም እንደዚያው የሚዘል ከሆነ ከፍታውን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ ብለዋል። ከፍታ ያለውን ጉድለት ያጎላል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። በከፍታ ምክንያት መታየት ያለበት አየር የሚያልፍበት ብቻ ነው፦ ፊልትሮው፣ ከቱርቦ የሚወጣው ቱቦ ማሰሪያዎች፣ ኢጂአር (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ጥላሸት ይዞት ሳይዘጋ የቀረ ቫልቭ። የአየር ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወደ ወረቀቱ ሆድ ይገባል።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገቡ። በ2ኛው ፈተና ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ናት፣ ጋራዥ ውስጥ ኤስሲቪ የሚሏት። ሥራዋ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ናፍጣ መመጠን ነው። ኮምፒዩተሩ ሬይሉ (ለኖዝሎቹ ናፍጣ በግፊት የሚያከማቸው ቧንቧ) ውስጥ የሚፈልገውን ግፊት ያሰላል፣ ቫልቯ እየከፈተችና እየዘጋች ታቀርባለች። ውስጧ የምትንሸራተት ቀጭን ዘንግ አለች። ውሃ የነካው ናፍጣ ሲያዝጋት ወይም ደቃቅ ብረት ሲቧጥጣት ትይዛለች። ስትይዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኮምፒዩተሩ ጨምሪ ይላል፣ በድንገት ስትለቅ ግፊቱ ያልፋል፣ ቀንሺ ይላል። ይህ መመላለስ ነው በቀላል እግር፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ዙር መሃል፣ እንደ መንጠቅ የሚሰማው። ዙር ሲበዛ የሚፈለገው ናፍጣ ስለሚበዛ ቫልቯ ሰፋ ብላ ትከፈታለች፣ ትንሽ መያዟም አይታወቅም። አስፋልት ላይ ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው። ሞተር ሲሞቅ መባሱ፣ ሚኒሞ ላይ መዋለሉ፣ አልፎ አልፎም መብራት ላይ ቆሞ መጥፋቱ ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው።

በምርመራ ማሽን ሲታይ የሚፈለገው የሬይል ግፊትና ያለው ግፊት ጎን ለጎን ይነበባሉ። ሞተሩ ሞቆ፣ ዙሩ ጸንቶ ሳለ ልዩነቱ 5 ሜጋፓስካል እያለፈ የሚመላለስ ከሆነ ምስክር ነው። ፒ1229 ወይም ፒ0627 የሚል ኮድ ከተመዘገበም ወደዚያው ይመራል፤ ኮድ አለመኖሩ ግን ቫልቯን ነጻ አያወጣትም።

መልስ 5

ጋሼን አመስግኖ ቫልቯ ትታጠባለች ወይስ ትቀየራለች ሲል ጠየቀ።

መልስ 6

ትታጠባለች ብሏል። ተፈትታ ንጹሕ ናፍጣ ውስጥ አንድ ሌሊት ታድራለች፣ በነጋታው ተወዝውዛ ትገጠማለች፣ መኪናውም ይድናል። አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው የሚል ቃል ጨመረበት፤ ጠቡን የጫረውም ይሄ ነው።

መልስ 7

የክሩ መንፈስ እዚህ ላይ ተቀየረ። ዘንጓ አንዴ ከተቧጠጠች ምን ቢያጥቧት ጭረቱ አይጠፋም፣ ለሰው እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ 6ኛውን ወርፎታል። የባሰው ደግሞ ቫልቯ በአቧራ መሃል ስትፈታ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፖምፓውን በሙሉ ልትበላ መቻሏ ነው። የቫልቯ ዋጋና የፖምፓው ዋጋ አይቀራረብም። ቃሉ ቢከርርም ስለ አቧራው ያለው እውነት ነው።

መልስ 8

6ኛው ተመልሶ መጣ። አሸዋ የሚያስገባ እጅ አዲሷንም ሲገጥም ያስገባል ብሎ መለሰ። እርስ በርስ ሦስት አራት መስመር ተወራወሩ፤ ለሥራው የሚጠቅም ስለሌለው አልፌዋለሁ።

መልስ 9

ጋሼ ሁለቱን አስታረቁ። ማጠብ ለምርመራ ይጠቅማል፣ ለጥገና አይበቃም። ታጥባ ከተገጠመች በኋላ መኪናው ለሁለት ሳምንት ደህና ሆኖ እንደገና ከዘለለ ጥፋቷ ተረጋግጧልና አዲስ ትገዛ። ከዚያም አፈታቱን አንድ በአንድ አስቀመጡት፣ 7ኛው የፈራው እንዳይደርስ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይነሳ። ከመፈታቱ በፊት የፖምፓው ዙሪያ በብሩሽና በናፍጣ ይታጠብ፣ በአየር ይድረቅ። ይህ ሳይደረግ አንድም ብሎን አይነካ። ሶኬቱ ይነቀል፤ ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ሁለቱ ብሎኖች ይፈቱ። ቫልቯ በእጅ ግራና ቀኝ እየተወዘወዘች ትውጣ፤ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት የአሉሚኒየሙን ፊት ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ናፍጣ ማፍሰሱ አይቀርም። ቀዳዳው ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ክር የሚተው ጨርቅ ግን አይሁን። በቴስተር ስትለካ፣ በቀዝቃዛነቷ፣ ወደ 2 ኦም ማሳየት አለባት፤ ኦሙ ትክክል መሆኑ ሽቦዋ ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ዘንጓ አልያዘችም ማለት አይደለም። አዲሷ ስትገጠም ኦሪንጓ በንጹሕ ናፍጣ ይርጠብ፣ ቀጥ ተደርጋ በእጅ ትገፋ፣ ብሎኖቹ እየተቀያየሩ ይጥበቁ። መጥበቂያው 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አጭር ቁልፍ ይዞ በሁለት ጣት ማለት ነው። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠጥር ድረስ ይመታ፣ ሞተሩ ይነሳና በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ በባትሪ መብራት ዙሪያው ይታይ። እቃው ሲገዛ ቁጥሩ በ04226 የሚጀምር ሙሉ ኪት መሆኑን ማየት ነው፤ ኦሪንግና ብሎን አብሮት ይመጣል።

መልስ 10

ከፖምፓው በፊት የነዳጅ ፔዳሉ ይታይ ባይ ነው፤ ትክክል ነው፣ ቴስተር ብቻ ነውና የሚጠይቀው። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰር በአንድ ላይ አሉ፣ ስድስት ሽቦ አላቸው። ቁልፉ ኦን ይሁን፣ ሞተሩ አይነሳ። እግር ሳይነካው አንደኛው ከ0.5 እስከ 1.1 ቮልት፣ ሁለተኛው ከ1.2 እስከ 2.0 ቮልት ማሳየት አለባቸው። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ አስር እየቆጠረ በጣም በዝግታ ይጫን፤ ቮልቱ እንደ ዳገት ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው ሩብ ላይ፣ እግር ዕድሜ ልኩን በሚያርፍበት ቦታ፣ ቮልቱ ወድቆ የሚነሳ ከሆነ ዝላዩ ከዚያ ነው። ባለ መርፌ ቴስተር መውደቁን ከዲጂታሉ ይበልጥ ያሳያል። አብሮም ከሞተሩ ወደ ቻሲና ወደ ባትሪ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ይለካ፤ ሞተሩ ተነስቶ መብራት ሲበራ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ነጌቲቭ መሃል ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ሽቦው ተፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳ።

መልስ 11

የሞተሩን ወገን ትቶ መኪናው ሥር የገባው ይህ ነው፤ ከሁሉ ረጅሙም እሱ ነበር። 2ኛው ያለው ፈተና ዝላዩን እግር ሲጫንና ሲነሳ ብቻ ካሳየ ኖዝልም ፖምፓም አትንኩ ብሎ ይጀምራል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ አራቱም ጎማ ታኮ ይግባላቸው፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ይሁን። ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል የሚሄደው ሻፍት በሁለት እጅ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይዞር። እዚህ ላይ ዓይን አራት ቦታ ይሄዳል። ክሮቼራው (የሻፍቱ ማጠፊያ መገጣጠሚያ) መስቀሉ ላይ ምንም ዓይነት ንቅናቄ ሊኖረው አይገባም፤ ካፑ ዙሪያ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ከታየ ግራሶው አልቆ መርፌዎቹ ተበልተዋል፣ ይቀየር። መሃል ላይ ሻፍቱን የሚይዘው ኩሽኔታ ጎማው ተቀዶ እንደሆነ ሻፍቱን ወደ ላይ ገፋ በማድረግ ይታወቃል። ሻፍቱን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ተንሸራታች መጋጠሚያ ከደረቀ መኪናው ሲነሳ አንዴ ጓ ይላል፣ ሲቆምም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ይያዝ፤ ጥርስ ለጥርስ ያለው ትንሽ ክፍተት ተፈጥሯዊ ነው፣ ክራውኑ (ትልቁ ጥርስ) ላይ ሲለካ የሚፈቀደው ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ፍላንጁ ላይ በዓይን ጉልህ ሆኖ የሚታይ መንቀሳቀስ ካለ ግን ዲፈረንሻሉ ይከፈት።

ግራሶው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ብሏል። ለክሮቼራው ተራው የሊትየም ግራሶ ቁጥር 2 ይበቃል፤ ለተንሸራታቹ ግን ሞሊብዲነም ያለበት፣ ጠቆር ያለው ነው የሚገባው። ክሮቼራው ላይ አሮጌው ጥቁር ግራሶ በአራቱም ካፕ በኩል ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ይገፋ። ተንሸራታቹ ላይ ግን ሻፍቱ መርዘም ሲጀምር ይቁም፣ ካለፈ ማኅተሙን ያስወጣል። ከሳንካበር ወዲያ በኮረኮንች የሚሄድ፣ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ግራሶ ይፈልጋል፤ ውሃ የገባበት ክሮቼራ ወር አይቆይም።

ቀጥሎ የሞተሩ ጎሚኒዎች፣ ማለትም ሞተሩ የሚያርፍባቸው ላስቲኮች። ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ ካምቢዮው ሥር ነው። ጎሚኒ ሲቀደድ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳል፣ ሲነሳበት ይወድቃል፤ ያ መውደቅ ነው ወንበሩ ድረስ የሚመጣው። ለማየት አንዱ የእግር ፍሬን በደንብ ይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ያስነክስ፣ ሌላው ከጎን ቆሞ ሞተሩን ይመልከት፤ ከፊት መቆም ክልክል ነው። በኋላ ማርሽ (ሪቨርስ)ም ይደገም። ሞተሩ ጥቂት ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ብድግ ካለ ጎሚኒው አልቋል። በመጨረሻም አክሰሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች። ሲላሉ አክሰሉ ራሱ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠመዘዛል፤ ብዙ ጭነት የሚጭን መኪና ላይ ይህን ሳያዩ ክሮቼራ መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

መልስ 12

ወደ ነዳጁ ወሰደን። በጄሪካን የሚሸጥ ናፍጣ በበዛበት ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ውሃ ነው ብሏል። የፊልትሮው ታች ያለችው መፍሰሻ ትላላ፣ የላስቲክ ቱቦ ተሰክቶባት ጫፉ ብርጭቆ ውስጥ ይግባ፣ የእጅ ፓምፑ ይመታ። ብርጭቆው አምስት ደቂቃ ይቁም። ውሃ ካለ ከናፍጣው በታች ተለይቶ በዓይን ይታያል። ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ዝገት አለና ታንከሩ ወርዶ ካልታጠበ አዲሷ ቫልቭም ዕድሜ አይኖራትም። እንዲህ ያለ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀይር ይሻላል። የእጅ ፓምፑ አድሮ ልስልስ የሚል ከሆነ ደግሞ አየር እየሳበ ነው፤ ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ መጋጠሚያዎች ይታዩ።

መልስ 13

ከክሩ ወጣ ብሎ ስለ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ጠየቀ፤ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ያው ምልክት።

መልስ 14

11ኛውን የጻፈው መለሰለት። ያ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ ኤስሲቪም የፔዳል ቮልትም የለውም። የነዳጅ ገመዱ መላላት፣ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ መገጣጠሚያዎች መበላትና የመመለሻው ስፕሪንግ መድከም ይታዩ። ከኋላ ደግሞ በጎማው መሃል ያሉት የአክሰል ፍላንጅ ስድስት ዳዶዎችና ከሥራቸው ያሉት ሾጣጣ ዋሸሮች፤ አንዱ ላልቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ነዳጅ ጠብ የሚል ድምፅ ከዚያ ይወጣል።

መልስ 15

እንደ ድሮው የከፍተኛ ግፊት ቧንቧዎችን ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ ማላላት ነው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ወዲያው ይታወቃል ብሎ መከረ።

መልስ 16

ጋሼ ያን ያህል ተቆጥተው የጻፉት እዚህ ብቻ ነው። በ1ኤችዜድ ላይ ይሠራ የነበረ ዘዴ እንደ 2ኬዲ ባለ የኮመን ሬይል ሞተር ላይ እጅ ያሳጣል። ሬይሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ እንደ ክር የቀጠነ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፣ እጁ ግን ከውስጥ ይሞታል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። የኖዝሉን ሶኬት ሞተሩ እየሠራ መንቀልም እንዲሁ፣ መቶ ቮልት ገደማ ያለበት ሽቦ ነው። ሲሊንደር ለመለየት በምርመራ ማሽኑ የእያንዳንዱን ኖዝል ማስተካከያ ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ከሲቀነስ 3 እስከ ሲደመር 3 ያላለፈ ደህና ነው፣ ወደ 5 የተጠጋ ኖዝል ታሟል። ኖዝል የሚፈታው ያን ጊዜ ነው።

15ኛው ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አነሳው። ምክሩን እዚህ ያስቀረሁት መልሱን ሌላ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው።

መልስ 17

ፔዳሉ ላይ የሚሰካ፣ መኪና ያፈጥናል የሚባለውን ትንሽ ሳጥን አቀረበ።

መልስ 18

በአጭሩ ዘጋው። ሳጥኑ ኃይል አይጨምርም፤ እግር ሩብ ሲጫን ግማሽ ብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር ብቻ ነው። ዝላይ ያለበት መኪና ላይ ሲገጠም ዝላዩን እጥፍ ያደርገዋል። ለስለስ የሚያደርግ ማስተካከያ ያላቸው ቢኖሩም ሕመሙን ሸፍነው ያስቀራሉ።

መልስ 19

ስለ እግሩ የጻፈ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ ነው ያልኩትን። በኮረኮንች ላይ መኪናው ሲነጥር ሰውነት ይነጥራል፣ እግር ፔዳሉን ይመታል፣ መኪናው ይዘላል፣ ያ ዝላይ እግሩን መልሶ ይወረውራል። መድኃኒቱ ተረከዙን ወለሉ ላይ ተክሎ የጫማውን ጎን ከመሃሉ ግድግዳ ጋር ማስደገፍ፣ ፔዳሉንም በአውራ ጣቱ በኩል ብቻ መንካት ነው። ወንበሩም ጉልበት ትንሽ እስኪታጠፍ ይቅረብ። በዝግታ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታ የሚነዳው ማርሽ) ገብቶ እግርን ከነዳጁ ማንሳት ነው። ሎው ማርሹን በ2.566 ስለሚያበዛው፣ በአንደኛ ሚኒሞ ላይ በሰዓት 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው መኪና ከ3 በታች ይሆናል። ሞተሩ ራሱ ይጎትታል፣ እግር ሥራ የለውም። ይህን ቁስቋም ዳገት ላይ መሞከር ይቻላል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 20

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አረመ። ሃይሉክስ የፊቱና የኋላው ሻፍት በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ መሃል ዲፈረንሻል የለውም። ደረቅ ኮብልስቶን ላይ ፎር ገብቶ ከታጠፈ የፊቱና የኋላው ሻፍት እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ ዝላዩም ይብሳል። ሎው ለጠጠር፣ ለጭቃና ለአሸዋ ነው፤ ከደባርቅ ወደ ቧሂት በሚወስደው ኮረኮንች ላይ እንደ ልብ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥ ግን አይነካ።

መልስ 21

ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። ኖዝል የተፈታበት 2ኬዲ ሁሉ ሥሩ ያለችው የመዳብ ዋሸር አዲስ መሆን አለባት። አሮጌዋ ከተመለሰች የሚቃጠለው ጋዝ ያልፋታል፣ ጥላሸቱ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፣ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለችውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ ዘይት ወደ ላይ መውጣት ያቆማል። ኖዝል ሳያስፈልግ ይፈታ የሚለው ምክር የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ድረስ ነው። የዘይቱ መብራት ሞተር ሲነሳ ለመጥፋት ከዘገየ ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ።

መልስ 22

ፈተናውን በተርታ ያደረገ ሰው ውጤቱን ጻፈ። ኒውትራል ላይ መርፌው ቆሟል። በአዘዞ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ እግር ሲጸና ጸጥ፣ እግር ሲነሳ ጠብ። የፔዳሉ ቮልት 0.8 እና 1.6 ነበር፣ አወጣጡም ያልተቋረጠ። ሥር ሲገባ ተንሸራታቹ ደርቆ ነበር፤ ግራሶ ሲገባለት ጓ የሚለው ጠፋ፣ ዝላዩ ግን ግማሹ ሳይጠፋ ቀረ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሲታይ በግራ በኩል ብድግ ይላል። ጎሚኒው ታዟል፤ ፖምፓም ኖዝልም አልተነካም።

መልስ 23

ጋሼ ናቸው። የግራው ከተቀየረ የቀኙም አብሮ ይቀየር፤ አዲስና አሮጌ ጎሚኒ ሞተሩን አዛብተው ይይዙታል። ሞተሩ በክሪክ ሲነሳ ካርተሩ ሥር ጣውላ ይግባ። ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ገብተው ሞተሩ ክብደቱን ጎሚኒው ላይ ካሳረፈ በኋላ፣ ሚኒሞ ላይ አንድ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ነው የሚጠብቁት። የካምቢዮውም ጎሚኒ በዚያው ይታይ፤ እሱን ሳያዩ መኪናውን ከክሪክ እንዳያወርዱ አሳስበዋል።